ሦስተኛው ኮምፒውተር

ሥራ ቦታ «ፎልደር ለማንም ክፍት አይደረግም» እያልኩ የሰው ጆሮ የማደነቁረው እኔ ነኝ። እናቴ ቤት ግን ቸኮልኩ።

አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው። የአርባ ዓመት ፎቶዎቻችንን ስካን አድርጎ፣ በየዓመታቸው ከፋፍሎ ያስቀመጠው የስፌት መኪናው አጠገብ በምትንሾካሾከው ጥቁር ሣጥን ውስጥ ነው፤ የቤቱን ፋይል ሁሉ የምትይዝ የቤት ሰርቨር መሆኗ ነው። የወረቀቶቹ ፎቶዎች በእርጥበት ስለተበላሹ ሌላ ቅጂ የላቸውም። እናቴ በቴሌቪዥን ልያቸው አለች። ቴሌቪዥኑ እንዲያገኛት ለሣጥኗ ቋሚ የኔትወርክ አድራሻ ሰጠኋት፣ የፎቶዎቹን ማጋሪያ ከፈትኩ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ፓስወርድ አልቀበልም ብሎ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ተናደድኩና ማንም ያለ ፓስወርድ ገብቶ እንዲያይ፣ እንዲጽፍ፣ እንዲወስድ ፈቀድኩ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው።

«ኢንጂነሯ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለች እናቴ። የሠርጓን ፎቶ ስታይ ፊቷ በራ። «አባትሽን እዪውማ፣ ሱሪው አጥሮበት! ከወንድሙ ተውሶ እኮ ነው።»

ሳቅን። እሱ ከሄደ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ሐይቅ ዳር ሽርሽር የሄዱበትን ፎቶዎች አይተን ስንጨርስ፣ ሱሪውን ደግሜ ልየው ብዬ ወደ ሠርጉ ተመለስኩ። ፎልደሩ ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ምኑን ነካሽው?»

«እኔ ምኑን ነክቼ? ሪሞቱ አንቺ ጋ አይደል እንዴ!»

ላፕቶፔን ከፍቼ ሣጥኗ ውስጥ ማን ማን እንደገባ አየሁ። ቴሌቪዥኑና የእኔ ላፕቶፕ፣ ሁለት መሆን ነበረባቸው። ሦስት ናቸው። የሦስተኛው ስም «ሽማግሌው» ይላል። አባቴ ለገዛ ኮምፒውተሩ በቀልድ ያወጣለት ስም ነው። ያንን ኮምፒውተር ከቀብሩ በኋላ በእጄ ፈታትቼ፣ ዲስኩን ሰባብሬ ጥዬዋለሁ።

ፎቶዎቹ እየተወሰዱ ነበር። ከሠርጉ ጀምሮ በየዓመቱ ተራ፣ እናቴ ያለችባቸው ብቻ። የሐይቁም ሄዷል።

«እማዬ፣ ሱሪውን ከማን ተዋሰው አልሽኝ?»

«የምን ሱሪ?»

«የሠርጋችሁ ቀን!»

«የምን ሠርግ?» አለች፣ የጎረቤት ወሬ እንደጠየቅኳት ሁሉ።

«ሐይቁስ? አሁን ያየነው?»

«እኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም። ምን ሆነሻል ዛሬ?»

አባቴ ያለ እሷ ሱቅ እንኳ አይወጣም ነበር። «ነይ እንጂ» እያለ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ብቻውን እንደማይሆንለት አውቃለሁ፤ አዝንለታለሁም። ግን እኔስ ማን አለኝ?

ገመዱን ያኔውኑ መንቀል ነበረብኝ። ነገር ግን እየሠራ የተነቀለ ዲስክ ይበላሻል፣ የቀረውንም ያሳጣል። ይህንን ለስንቱ አስተምሬያለሁ! ስለዚህ በደንቡ ሄድኩ። ፈቃዱን ዘጋሁና «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ። አገልግሎቱ ዳግም እስኪነሳ ይጠብቁ አለኝ። እኔም እንደ ጅል ጠበቅኩ።

በዚህ መሀል ሽማግሌው አንድ ዓመት ጨርሶ ወደሚቀጥለው አለፈ። የተወለድኩበት ዓመት ነው። እናቴ አልጋ ላይ ሆና ታቅፋኛለች፤ ሄደ። ታጥበኛለች፤ ሄደ። ጀርባዋ ላይ አዝላኝ ትስቃለች፤ እሱም ሄደ።

«አባዬ፣ ተው! በሞቴ ተው!» ብዬ ጮህኩና ገመዱን በሁለት እጄ መንጭቄ ነቀልኩት።

ሣጥኗ ዝም አለች። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ወደ እናቴ ዞርኩ። ሶፋው ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ በርኅራኄ ታየኛለች።

«ጨረስሽ፣ የኔ እመቤት?» አለችኝ፣ ለማታውቀው ሰው በምታወጣው ትሑት ድምጿ። «በጣም ደከምሽ። በይ አሁን ሂጂ፤ እናትሽ በር በር እያየች ይሆናል።»