ማን ቀደደው?

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያለቀለት ሱሪ ይዞ «አንዴ ብቻ ነው የለበስኩት» የሚል ደንበኛ ስሰማ ነው የምውለው። የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ደውላ «ልጅዎ የሥዕል መጽሐፍ ቀድዳለች» ስትለኝም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሷን ሴትዮዋን ነበር።

መጽሐፉ አልጋው ላይ እንደተኛ ባሕር ስለሚያቋርጥ ልጅ ነው። አልጋው በመስኮት ይወጣል፤ ከዚያ አንድ ገጽ የለም፤ ቀጥሎ ልጁ ደሴት ላይ ተቀምጦ ይስቃል። መሀሉን ማን በላው? ሴትዮዋ እዚያ የሚውሉትን ትንንሽ ልጆች ብትጠይቃቸው ሁሉም ጣታቸውን ልጄ ላይ ቀሰሩ፤ «ስትቀድ የምትውለው እሷ ናት!» አሉ። ገጹ ካልመጣ ካርዷ ይቀማል፤ መጽሐፍ የሚባል ነገር አታይም። ልጄን ከመጽሐፍ መለየት ደግሞ መግደል ነው።

ቦርሳዋን ገለበጥኩ፤ ፍራሹን አነሳሁ። ምንም የለም። አደባበቋን ታውቅበታለች ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ።

«ቀደድሽ ወይስ አልቀደድሽም?»

አንገቷን ደፋች። «ትንሽ ቀድጃለሁ።»

ወይ ጉዴ! «የታለ ታዲያ?»

«ምኑ?»

«የቀደድሽው ነዋ!»

«ለልጆቹ ነገርኳቸው እኮ።»

ጭራሽ ታሾፍብኛለች! እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰድኳት። ሴትዮዋ ካርዱን በእጇ ይዛ ጠበቀችን።

«አምናለች» አልኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እየተመኘሁ።

«ለምን ቀደድሽ?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ገጹ ስለሌለ ነዋ! ልጆቹ ‹አልጋው ሰመጠ ወይ?› ብለው ሲያለቅሱ ቀደድኩላቸው።»

ቀደድኩላቸው ስትል ነው የባነንኩት። ኧረ በሞትኩት! በእነሱ አፍ መቅደድ ማለት እኮ ከራስ ፈጥሮ ማውራት ነው። ለሴትዮዋ ባስረዳትም ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። እናት ለልጇ ምን አትልም ብላ ይሆናል።

«እስቲ ምን ብለሽ እንደቀደድሽ እንስማ» አለቻት።

ልጄ በተራዋ ሁለታችንንም በጥርጣሬ ቃኘችን፤ ከዚያ ጀመረች። አልጋው ውስጥ ውሃ ገባ። ልጁ ትራሱን ቀደደና ላባውን በተነው። ላባው ሁሉ ወፍ ሆነ። ወፎቹ አንሶላውን በአፋቸው ይዘው አልጋውን እየጎተቱ ሳለ፣ ከሥር አንድ ዓሣ ነባሪ አፉን ከፈተ።

እዚያ ላይ ታሪኩን አቆመችው።

ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነስታለች። «እሺ፣ ከዚያስ? ዋጠው?»

ልጄ መዳፏን ዘረጋች። «ካርዴን ይስጡኝና እነግርዎታለሁ።»