ማይኩ የሚገባው ሮዟ ቀዳዳ ውስጥ ነው

4.

ይሄም እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን በጥፊ በለው። በግራ ጎኑ። አንዴ ብቻ።

1.

ከ4 የጀመርኩት አውቄ ነው። መመሪያ ከ1 ጀምሮ የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ነገር ሲበላሽበት ነው ሁሉም መሃሉን የሚከፍተው። አንተም እንደዛው ነህ።

አንተ ማለት አዲሱ የኮምፒውተር መምህር ነህ። መስከረም ላይ ይመጣል ተብሏል። ገና ስላላየሁህ ነው አንተ የምልህ፤ ስንገናኝ አንቱ እልሃለሁ፣ አትቀየም።

እኔ ዳኘው ነኝ። ደባርቅ መናኸሪያው ጋ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የምጭነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ነው። ክፍል ውስጥ እንደ ጅብ ጮኬ ተባረርኩ። ያባረሩኝ አቶ ስማቸው ዛሬ ዳይሬክተር ሆነው፣ "ና ይሄን ጌም ጫንልን፣ እንዴት እንደጫንከውም ለሚመጣው መምህር ጻፍለት" አሉኝ። እንደምናገረው ነው የምጽፈው። ሌላ አጻጻፍ አላስተማሩኝም።

2.

ጌሙ "የተራራው ጎረቤቶች" ይባላል። ልጆችን ስለ ዱር አራዊት የሚያስተምር ነው። ሲዲው አንድ ነው፤ ሌላ የለም፣ አትፈልግ። በሸሚዝህ ጥረገው። በውስጡ በኩል፣ ውጪውማ ጠመኔ ነው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። እንስሳ ትመርጣለህ። እንስሳው ይጮሃል። አንተ በማይክ አስመስለህ ትመልስለታለህ። ከመለስክ ይቀርብህና ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር ይነገርሃል። አስር ሰከንድ ዝም ካልክ ጀርባውን ይሰጥሃል፣ ገደሉን ይወርዳል፣ ይጠፋል።

ይጠፋል።

3.

የሚመጡብህ ጽሑፎች። እንግሊዝኛ ናቸው፣ እኔም አላነባቸውም።

ቀይ ክብ ከመጣ፦ እሺ በለው።

ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከመጣ፦ እሺ በለው።

ብዙ ጽሑፍ ከመጣ፦ ታች ያለችውን ሳጥን ነካ አድርግና እሺ በለው። በምን እንደተስማማሁ አላውቅም። እስካሁን ቤቴ የመጣ ሰው የለም።

ሰባ በመቶ ላይ ከቆመ፦ 4ን አንብብ።

4.

በጥፊ አልኩህ እኮ።

5.

ረቡዕ ከሰዓት። ውጪ ዝናብ።

አቶ ስማቸው፦ ምን ላይ ደረስክ?

እኔ፦ ሰባ በመቶ።

አቶ ስማቸው፦ ትናንትም ሰባ ነበር።

እኔ፦ ያ የትናንቱ ሰባ ነው ጋሼ።

አቶ ስማቸው፦ አትቀልድብኝ አንተ ልጅ። ነገ ስድስት ሰዓት መኪና መጥቶ የማይሰሩትን ማሽኖች ይሰበስባል። ሁሉም እንስሳ ካልሰራ "ይሰራል" ብዬ አልፈርምም። ከነሲዲው ተጭኖ ይሄዳል።

እኔ፦ አይሄድም።

አቶ ስማቸው፦ አንተን ምን አገባህ?

እኔ፦

6.

እዛ ላይ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ለልጆቹ እንዳትነግር።

ጌሙ ውስጥ ያለው ጅብ እኔ ነኝ።

የዛሬ አራት ዓመት ጌሙን የሚሰሩ ሰዎች ድምፅ ሊቀዱ ተራራው ላይ ሲወጡ፣ ጓዛቸውን የተሸከምነው እኔና ታላቅ ወንድሜ አዝመራው ነን። ሦስት ቀን ጉም። ጭላዳዎቹ፣ እነዛ የተራራው ዝንጀሮዎች፣ እንደ ሙሽራ ዝም። ሰዎቹ በቃ እንመለስ ሲሉ አዝመራው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ዳኜ፣ ይሄን ሁሉ ብረት ባዶውን ተሸክመን ልንወርድ ነው?"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"አንተ ጅብ፣ እኔ ጭላዳ። ሂድ ከጅብራው ጀርባ።"

ጅብራ ታውቃለህ አይደል፣ ያ ቁመቱ ሰው የሚያክለው የተራራ ተክል። ተደበቅን። አዝመራው የመንጋው አውራ ሆኖ ጠራ። ማዳመጫ ያደረገችው ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንባዋ መጣ። እኔ ሸሚዜን ነክሼ ነው የሳቅኩት።

ስለዚህ ይሄ ጌም የሚያስተምረው ስለ ሁለት የደባርቅ ዱርዬዎች ነው።*

* ቀበሮዋ ግን የእውነት ናት። እሷ ጨዋ ናት።

7.

አዝመራው የዛሬ ሁለት ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። ሁለት ወር ደወለ። ከዛ በኋላ ስልኩን የምታነሳው "ማግኘት አልቻልንም" የምትለዋ ሴትዮ ናት። ለመድኳት። አንዳንዴ "እንዴት ዋልሽ" እላታለሁ።

ቪዲዮ የለንም። ሁሉም እሱ ስልክ ላይ ነበር፣ ይዞት ሄደ። ድምፁ የቀረው እዚህ ሲዲ ላይ ብቻ ነው። እሱም እንደ ዝንጀሮ እየጮኸ።

ወደ ሚሞሪ ልገለብጠው ሞከርኩ። እንጀራዬ እኮ መገልበጥ ነው። ጌሙ ቆልፎታል።

4.

ለዚህ ጥፊም አይሰራም።

8.

ሐሙስ ጠዋት መቶ ገባ። አጨበጨብኩ። ክረምት ነው፤ ግቢው ውስጥ ከኔና ከዘበኛው ፍየል በቀር ማንም አልሰማኝም።

ከዛ ጌሙ ማይክ ጠየቀ። የሚኒ ሚዲያውን ማይክ አመጣሁለት። አልሰማም። ጮህኩበት፣ አልሰማም። ሰደብኩት፣ አልሰማም። ለካ ሁለት ሰዓት ሙሉ አረንጓዴዋ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሰካሁት። አረንጓዴዋ የማዳመጫ ናት። ማይክ የሚገባው ሮዟ ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ፣ ሮዟን ያዝ።

9.

ሙከራ። ጅቡን መረጥኩ። ጮኸ። መለስኩለት። ጅቡ እየተንገዳገደ ወደኔ መጣና "ጎበዝ! ጅቡ ጓደኛ አገኘ" የሚል ወጣ።

ራሴ ጠርቼ ራሴ አቤት አልኩ። ሳቄ መጣ። ከዛ ሄደ።

10.

አቶ ስማቸው፦ (እየሮጡ ገቡ።) የእውነት ጅብ መስሎኝ እኮ ነው!

እኔ፦ አራተኛ ክፍልም እንደዛ ነው ያሉት።

አቶ ስማቸው፦ ዝም በል አንተ። ሁሉም ሰራ?

እኔ፦ ከጭላዳው በቀር።

አቶ ስማቸው፦ እሱ ምን ሆነ? ክፈተው እስቲ።

(ከፈትኩት። ጠራ። እኔ ማይኩን ይዤ ዝም። አስር ሰከንድ ሞላ። ገደሉን ወረደ።)

አቶ ስማቸው፦ ይሄ ድምፅ...

እኔ፦ አዎ ጋሼ።

አቶ ስማቸው፦ አዝመራው ነው እኮ።

እኔ፦ አዎ።

አቶ ስማቸው፦ ሹፌሩን ትንሽ አቆይልሃለሁ። በሩን ልዝጋልህ?

11.

ደንብ ነበረን። ጉም ሲለያየን አንዱ በእንስሳ ድምፅ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል። ካልመለሰ ወይ ወድቋል ወይ ተቀይሟል።

የሄደ ቀን አይሱዙው ላይ ቆሞ፣ መናኸሪያው መሃል፣ እንደ ጭላዳ ጠራኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አብሬህ ልሂድ ብዬው "እማን ለማን ትተን?" ስላለኝ ተቀይሜዋለሁ።

ሰማሁት። ሁለቴ ጠራ።

ዘፈኑን ከፍ አደረግኩት።

12.

የጭላዳው ሙከራ። ጭላዳውን ምረጥ። ማይኩን አፍህ ጋ አስጠጋ። ጩኸቱ ሲያልቅ ሳል ትሰማለህ፤ ብልሽት አይደለም፣ ጉንፋን ይዞት ነበር። መቁጠር የሚጀምረው ከሳሉ በኋላ ነው።

13.

ካሁን አሁን እመልስለታለሁ እያልኩ ጭላዳው ስድስቴ ገደሉን ወረደ። ለጅቡ የወጣው ጉሮሮ ለሱ እምቢ አለኝ።

4.

ራሴን በጥፊ አልኩት። በግራ ጎኔ። አንዴ ብቻ።

14.

የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። አቶ ስማቸው በር ላይ ሹፌሩን ስለ መንገዱ እየጠየቁት ነው። መንገዱን ከሹፌሩ በላይ ያውቁታል።

ይሄን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ቀኙ ማይክ ይዟል። ፊደሉ ቢንጋደድብህ ለዛ ነው።

ከፈትኩት። ጠራ።

ሳለ።

አስር።

ዘጠኝ።

ስምንት። ብዕሩን ላስቀምጥ፣ ልመልስለት ነው።

15.

እኔ፦