ስድስቱ የእንጨት ሙዚቀኞች

ጣጣው የመጣው ከበሮ መቺው ቀድሞ በመድረሱ ነው። ስድስት የእንጨት ሙዚቀኞች ናቸው። አናጢው ወንድም ጠረባቸው፤ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኟ እህቱ ደግሞ በየሆዳቸው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ሚጢጢ ኮምፒውተር ከተተችላቸው። አንድ ላይ ካስነሳኋቸው አንድ ላይ ይሄዳሉ ብላ ነበር። ምን በወጣቸው! ሁሉም በየራሱ ሰዓት እየቆጠረ፣ የሚጫወቱት የሰልፍ ዜማ፣ ማርሹ፣ ሳይጋመስ ከበሮው ሌላ አገር፣ ደወሉ ሌላ አገር።

«ስድስት አለቃ ሾመሽ ማን ይታዘዝልሽ?» አለ ወንድሟ እየሳቀ።

እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ማርሹ የአባታቸው ድርሰት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባንድ የመሩት ሰውዬ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ባንድ የሚመሩበትን በትር ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ቤት ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አያስከፍቱም። በልደታቸው ቀን ይህ ማርሽ ካልመለሳቸው ሙዚቃን እንደተቀየሙ ይቀራሉ ብላ ፈርታለች። ስለዚህ አለቆቹን ሽራ አንዱን ብቻ መሪ አደረገችው፤ እሱ በሽቦ ምት ሲልክ የቀሩት ሰዓታቸውን በዚያ ያስተካክላሉ።

በልደቱ ቀን ባንዱ ዝንፍ ሳይል ተጫወተ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አባት ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ሥር ሸሽገው፣ «ጎበዞች ናቸው ልጄ። እኔ ምን አደርግላቸዋለሁ ታዲያ?» አሉ።

ልቧ ስብር አለ። ወዲያው ግን ብድግ ብላ ወንድሟን ጠራችው።

«የግቢውን በር መጥሪያ ንቀልልኝ!»

«አሞሻል እንዴ?» እያለ ነቅሎ አመጣላት።

መሪውን ከሥልጣኑ አውርዳ የምቱን ሽቦ ከመጥሪያው መጫኛ ቁልፍ ጋር አገናኘች። ላፕቶፗን ከፍታም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ትርፍ ምት ሆኖ እንዳይቆጠር፣ ተደራርቦ የሚመጣውን ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው እንዲያልፉት ሙዚቀኞቹን አዘዘቻቸው። ከዚያ ቁልፉን አባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ይምሯቸው፣ አባዬ።»

አንዴ ተጫኑ። ከበሮው መለሰ። ደገሙ። ሲዘገዩ ስድስቱም ዘገዩ፣ ሲቸኩሉ ስድስቱም ቸኮሉ፤ አንድም ወደኋላ የቀረ የለም። አባት ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። እህት ደስታው አሸንፏት አለቀሰች፤ ወንድም ዓይኑን እየጠረገ የእንጨት ብናኝ አመካኘ፣ ሳሎኑ ውስጥ ግን ብናኝ አልነበረም።

ማርሹ መሀል ላይ ሲደርስ የግቢው በር ተደበደበ። ያረፈደችው አክስት ናት፤ መጥሪያ ብታጣ በቡጢ ትነርተዋለች። አባት ቁልፉን ሳይለቁ ቀና አሉ።

«ማነው እሱ ከምት የወጣው?» አሉ፣ እንደ ድሮው ኮስተር ብለው። «አስገቡትና ከባንዱ ጋር ይሰለፍ!»