በገሠሠ አጥር ላይ የቀረው ላስቲክ

ቄሱ ቂም አትያዙ ይላሉ። እኔ ግን ይዤ ነበር፣ ያውም አጥብቄ።

ናዝሬት ገበያ የኮባ ቅጠል እሸጥ ነበር። ቅቤ ሻጮቹ ቅቤያቸውን የሚጠቀልሉት፣ ባለ ድግሶቹ ድፏቸውን የሚደፉት በእኔ ቅጠል ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያች መደብ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገሠሠ እሷኑ ወሰደብኝ።

ስብሰባ ጠራና፣ "የአብዮቱ አሥረኛ በዓል ደርሷል፤ ገበያችን በቅጠል ቆሽሾ አይታይም" አለ። አንድ የላስቲክ ከረጢት ከፍ አድርጎ አሳየን። "ቅጠል የኋላቀርነት ምልክት ነው። ከእንግዲህ ቅጠል የሚሠራውን ሁሉ ላስቲክ ይሠራዋል።" አጨበጨብን። ሳያጨበጭብ ቤቱ የሚገባ አልነበረም። በማግስቱ ጥበቃዎቹ ቅጠሌን በትነው አባረሩኝ። መደቤ ላይ ላስቲክ ዘርግታ የተቀመጠችው ማን ትመስላችኋለች? የሚስቱ እህት ሸዋወርቅ። ያን ቀን አንድ ነገር ሳላሳየው እንደማልሞት ማልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠብኩ አደርኩ። ቅጠል የሚያመጡት መኪኖችም ናዝሬት ማራገፍ ተዉ። የቀረው በጓሮዬ በእጣቢ ውሃ ያሳደግኩት ኮባ ብቻ ሆነ።

ሚያዝያ ላይ ገሠሠ ልጁን ለሞጆ ሰዎች ሊድር ተነሣ። በሠርጉ ዋዜማ ሚስቱ ዘውድነሽ ቤቴ መጣች።

"እትዬ አሰፋሽ፣ ለድፎው ኮባ አጣን። እባክሽ ከጓሮሽ ቁረጪልን።"

"ባልሽ ራሱ መጥቶ ይለምነኝ" አልኳት።

ዘውድነሽ ክፉ ሰው አልነበረችም። አንገቷን ደፍታ ስትሄድ አሳዘነችኝ፤ ቂሜ ግን አልበረደም።

ገሠሠ መለመን የት ያውቃል። ብዙ ሳይቆይ ቅቤ ሻጯ ጎረቤቴ ጫልቱ እየሮጠች ገባች። "አቦ ፍጠኚ አሰፋሽ፣ ጥበቃዎቹን ይዞ እየመጣ ነው። ኮባሽን ሊቆርጡት ነው።"

ማጭዴን አነሣሁ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ፤ ያን ቀን አህያዋ እኔ ነበርኩ። ቅጠሉን አንድ ሳላስቀር ቆርጬ፣ ተልትዬ ለጫልቱ ፍየሎች በተንኩት። እጄ ሲቆርጥ ዓይኔ ያለቅስ ነበር።

ገሠሠ ከነጥበቃዎቹ ደረሰ። ፍየሎቹን አየ፣ እኔን አየ።

"ምን አደረግሽ?"

"የኋላቀርነትን ምልክት አጠፋሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለድፎው አያስቡ። ቅጠል የሚሠራውን ሁሉ ላስቲክ ይሠራዋል ብለው የለም? ወይስ እኔን ከመደቤ ለማስነሣት ብቻ ነው የሚሠራው?"

በጥበቃዎቹ ፊት የገዛ ቃሉን እንዴት ይሻረው? ደረቱን ነፋ። "ይሠራል እንጂ። ላስቲክ ይነጠፍበታል" ብሎ ወጣ።

ዘውድነሽ "ይቀልጣል እኮ" ብትለው፣ "የቀበሌውን ውሳኔ ትቃወሚያለሽ?" አላት አሉ። ሊጡን በእህቷ ላስቲክ ላይ ደፋችው። አመሻሹ ላይ ሽታው ቤቴ ድረስ መጣ። በሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ላስቲኩን ከዳቦው ስር ቢፍቁት ቢፍቁት አልለቅ ስላላቸው ላዩን ቅቤ ቀቡት።

በሠርጉ ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ጎረቤት ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል። የሙሽራው አባት አቶ ገብረወልድ ድፎውን ባረኩና ቢላዋ አሳረፉበት። ቁራሹን ሲያነሡት ከስሩ ጥቁር ክር እየተሳበ ተከተላቸው። ቢጎትቱት አላልቅ አለ።

"ጓድ ገሠሠ፣ እንግዳ ይህን ነው የሚያበሉት?" አሉ። ቁራሹን ሰፌዱ ላይ መልሰው እጃቸውን ጠረጉ። የሞጆ ሰዎች በሙሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

የገሠሠ ዓይን ዳሱን ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። አላቀረቀርኩም። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ።

ድፎው ከአጥር ውጭ ተጣለ። ዳቦውን ውሾች በሉት፤ ላስቲኩን የናዝሬት ነፋስ አንሥቶ የገሠሠ እሾህ አጥር ላይ ሰቀለው። መንገደኛው እያየ ይስቃል። ሊያወርዱት ሲጎትቱት ይበጣጠስና ከእሾሁ ጋር የባሰ ይጠላለፋል።

ክረምት ገባ። ኮባዬ ከተቆረጠበት ላይ አዲስ ቅጠል አወጣ። አንድ ቅዳሜ ተሸክሜው ገበያ ሄድኩ። ጫልቱና ሌሎቹ ቅቤ ሻጮች ቅጠሌን ሊገዙ ዙሪያዬን ከበቡኝ፤ ሸዋወርቅ ላስቲኳን ሰብስባ መደቤን ለቀቀች። ገሠሠ በዚያ ሲያልፍ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ስመለስ ሆን ብዬ በአጥሩ በኩል ዞርኩ። ገሠሠ ዝናብ እየመታው፣ እጁን እሾህ ውስጥ እየከተተ ላስቲክ ይለቅማል። እጁ ደምቷል። ቆሜ ጠበቅኩት፣ ቀና እስኪል።

"ቅጠል ቢሆን ኖሮ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩት፣ "ይሄኔ በስብሶልዎት ነበር።"