የጄኔራሉ ዝርዝር

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ጄኔራሉ» ይሉታል። ስሙ ለሹፈት እንደወጣለት ያውቃል፤ ቢሆንም ደስ ይለዋል። የኮምፒውተር ደኅንነት ሠራተኛን ሌላ ማን ይሾመዋል!

የጦር ስልቱ ቀላል ነበር። በየሳምንቱ ራሱ የማታለያ ኢሜይል እየጻፈ ለሠራተኛው ይልካል። ተታሎ የከፈተ ሰው ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ አዳራሹን በሚያየው የጄኔራሉ ቢሮ በር ላይ አንድ ወር ይለጠፋል። የድርጅቱን ባለቤት፣ የገዛ አጎቱን እንኳ አልማራቸውም። እሳቸውም ስማቸውን አንብበው «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» ብለውት አለፉ። እሱ ግን ምክር የሚሰጥ እንጂ የሚሰማ አልነበረም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንጋፋዋ መጽሐፍ ጠራዥ ሙጫ በነካው እጃቸው በሩን ገፋ አደረጉ።

«ልጄ፣ ከወረቀት አቅራቢው ነኝ የሚል መልእክት መጣልኝ። አላማረኝም፤ ሳልነካው መጣሁ።»

አብሯቸው ወደ ኮምፒውተራቸው ሄዶ አየና ሳቀ። «ጎበዝ እትዬ! ይሄማ የእኔ ፈተና ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የገዛ ጽሑፌ ሊጠፋኝ! ይልቅ ሲከፈት ምን እንደሚመጣ ላሳይዎት» ብሎ ከፈተው።

«ተያዙ!» የሚለው የራሱ ፎቶ ሊመጣ ይገባ ነበር። አልመጣም። የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ይቀያየር ጀመር። ይሄ የእሱ ፈተና ሳይሆን ፋይል የሚቆልፍ እውነተኛ ቫይረስ ነው። ዓርብ የሚታተሙት የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ የሦስት ወር ልፋት፣ ያሉት ከዚሁ የኔትወርክ መስመር ጋር በተገናኘው ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። ቅጂ ለማስቀመጥ ደግሞ ጄኔራሉ ፈተና ከመጻፍ የተረፈ ጊዜ አልነበረውም።

እሱ ደርቆ ሲቀር እትዬ ጎንበስ ብለው የኔትወርክ ገመዱን መንጭቀው ነቀሉት። «መጀመሪያ ንቀሉ፣ ከዚያ ጠይቁ» እያለ ሲጮህባቸው የከረመው ራሱ ነው።

«እትዬ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ነገር በእኛ መካከል ይቅር።»

«እኔ ምን ቸገረኝ። ግን መልእክቱ የመጣው ለእኔ ብቻ ነው?»

ወደ አዳራሹ ሮጠ። «ከወረቀት አቅራቢው የመጣ መልእክት የከፈተ አለ?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ማን ይናገራል? በር ላይ ሊለጠፍ? እሱ ራሱ አሁን «በእኛ መካከል ይቅር» ብሎ ሲለምን አልነበር? ዝርዝሩ ሌባ የሚያስፈራ መስሎት ነበር፤ ለካ አፍ ሲያዘጋ የኖረው የራሱን ሰዎች ነው። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና ሁሉም እያየው በሩ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር በትልቁ «ጄኔራሉ» ብሎ ጻፈ።

«እኔ ከፍቻለሁ። ያውም እያስተማርኩ!»

ሳቁ ጣራውን ነካ። ሳቁ ሳያልቅ የገጽ አቀናባሪው እጁን አወጣ። «እኔም፣ ከሩብ ሰዓት በፊት። ፋይሎቼ ስማቸው እየተቀየረ ነው።»

አጎቱ ከቢሯቸው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «እኔም። ሁለቴ።»

ሁሉም ወደየገመዱ ተሯሯጠ። አንዳንድ ነገር ጠፋ፤ መጻሕፍቱ ግን ተርፈው ዓርብ ታተሙ።

በማግስቱ እትዬ ዝርዝሩን ከበሩ ላይ ቀደው ጣሉት። በትልቁ የተጻፈችውን አንዷን ስም ግን በመቀስ ቆርጠው መልሰው ለጠፏት።

«እሷስ?» አለ ጄኔራሉ።

«ወሯ መቼ ሞላ!» አሉት።