ሁለት እርከን ዝቅ ያለ ጸደይ

በልምምዱ ላይ ናይጄል ፒያኖውን ገና ሲነካው ሞሪን ዓይኗን ጨፈነች። የሚጫወተው ልክ እንደታተመው ነበር፤ አንድ ኖታ እንኳ አልሳተም። ጉዱም ይኸው ነው።

ወይዘሮ ሮዛሊንድ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። የመንደሩ ኦርጋን ተጫዋች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ስለ አራቱ ወቅቶች የደረሳቸውን ዘፈኖች በየዓመቱ ግንቦት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚዘፍኑት እሳቸው ናቸው። መንደሩ ሌላ ዝነኛ ሰው ስላልወጣለት ሟቹን የሙጥኝ ብሏል፤ ወይዘሮዋ ደግሞ ዘፈኖቹን። "ድምፄ ከሠላሳ ዓመቴ ወዲህ ፍንክች አላለም" ይላሉ፣ ሻይ በቀረበ ቁጥር።

ፍንክች ማለቱን የምታውቀው ሃያ ሁለት ዓመት በፒያኖ ያጀበቻቸው ሞሪን ብቻ ናት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት "ጸደይ" የተባለው ዘፈን መዝጊያ ላይ ያለችው ከፍተኛ ድምፅ አልወጣ ስትላቸው አይታ፣ ዘፈኑን ግማሽ የድምፅ እርከን ዝቅ አድርጋ ኖታውን በእጇ ገለበጠችው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ግማሽ ጨመረች። አሁን ሁለት እርከን ሞልቷል። የእጅ ጽሑፉ በታተመው መጽሐፍ ሽፋን ተሸፍኖ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ኒውካስል ያለችው ልጇ "ነይና አብረን እንኑር" ካለቻት አራት ዓመት ሆነ። ሞሪን "ከግንቦት በኋላ" ትላለች፤ ግንቦት ሲያልፍ ወይዘሮዋ ለሚቀጥለው ግንቦት መለማመድ ይጀምራሉ። ዘንድሮ ግን ቤቷን ሸጣለች። ግንቦትን ሳትጠብቅ ቅዳሜ ትሄዳለች።

ጽሑፉን ለተተኪዋ በምስጢር እንዳትሰጠው፣ ተተኪዋ ናይጄል ነው፤ ጠዋት የሰማውን ቀትር ላይ መጠጥ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል።

ወይዘሮዋ ወደ መዝጊያዋ ድምፅ ወጡ። ድምፃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ተሰነጠቀና ቀረ።

"ምን አድርገህብኝ ነው?" አሉ ፊታቸው ቀልቶ።

"እመቤቴ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የተጫወትኩት።"

"የተጻፈውን! እኔ ይህን ስዘፍን አንተ መናፈጥ እንኳ አታውቅም ነበር!"

"አሁንም አልቻልኩበትም" አለ ናይጄል መሐረቡን እያወጣ።

"ሞሪን! አንቺ ልጅ፣ ነይ ተቀመጪበት። ባቡሩ እንደሆነ በየቀኑ አለ። ይቺን ዓመት ብቻ።"

የስልሳ አንድ ዓመቷ ልጅ ተነሣች። እግሯ በልማድ ወደ ፒያኖው ወሰዳት። ናይጄል እፎይ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። መጽሐፉን አውጥታ ገለጠችው፤ የገዛ እጅ ጽሑፏ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ታያት።

"ናይጄል፣ ውሃው ፈልቷል መሰለኝ፤ ሻዩን እየው እስቲ።"

እሱ ወደ ጓዳ ሲገባ መጽሐፉን ለወይዘሮዋ አቀበለቻቸው። "ይሄ የእርስዎ ነው።"

ኖታ ማንበብ ያውቃሉ። አንድ ገጽ አዩ፣ ሌላ ገለጡ። እጃቸው ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አሥራ አንድ ዓመት።"

"ስንት?"

"ሁለት እርከን።"

"አንቺ አታላይ!"

"አዎ።"

"ማን ያውቃል?"

"እርስዎና እኔ። ለናይጄል መስጠት አለመስጠት የእርስዎ ፋንታ ነው።"

ናይጄል ሦስት ኩባያ እያንገጫገጨ ተመለሰ። "እሺ፣ ማነው የሚጫወተው?"

ወይዘሮዋ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ እንደለጠፉ ሞሪንን አዩ። ሞሪን ሻይዋን ተቀበለች። የፒያኖውን ወንበር አልፋ ሄደችና፣ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከአድማጮቹ ባዶ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠች።