በአማል ሻሽ የተቋጠረው ኪኒን

ኢዘዲን እህቴን የገረፋት በውሃ ጎማ ነው። ግንበኛ ነዋ፤ ውሃ እየሞላ የግንቡን ልክ የሚያይባት ረጅም ጎማ አለችው። አሶሳ የክልል ከተማ ተብላ ቢሮ በቢሮ ላይ ሲሠራባት ያቺ ጎማ ያልለካችው ግድግዳ የለም። የዚያን ቀን የለካችው የአማልን ጀርባ ነው።

እኔ ሂባ ነኝ፣ የአማል ታናሽ። ከአምስተኛ ክፍል ስወጣ እናታችን ከሰፈራው መንደር ወደ እህቴ ቤት ላከችኝ፣ «ምላስሽን እዚያ አሳርፊው» ብላ። ምላሴም አብሮኝ መጣ።

አምና አማል ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ፊቷ ሲያዩት ያሳሳል። ወገቧ ላይ ግን አጥንቱ ሳይገጥም ቀርቶ ውሃ የቋጠረ ቀይ እብጠት ወጥቶባታል፤ እግሮቿም አይንቀሳቀሱም። ብዙ ሳትቆይ ሞተች። የኢዘዲን እናት እትዬ ጤናዬ «ጤና ጣቢያ የወጓት መርፌ ነው ልጅቷን የቀደዳት» አሉ። ኢዘዲንም «ሁለተኛ ጤና ጣቢያ ብትረግጪ እግርሽን ነው የምሰብረው» አላት። እሱ ደግሞ ካለ ይሰብራል።

አማል ረገጠች። አብሬያት ሄድኩ። የተቀበለችን ሲስተር ጸሐይ የምትባል፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች አዋላጅ ናት። ትንንሽ ቢጫ ኪኒን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ፎሊክ አሲድ ይባላል።

«የጎዳሽ መርፌ አይደለም» አለቻት። «የልጅ ጀርባ የሚገጥመው አንቺ ማርገዝሽን እንኳ ሳታውቂ ነው። ስለዚህ ሳታረግዢ ጀምሪው። በየቀኑ አንድ። ካረገዝሽም በኋላ እኔ በቃ እስክልሽ አታቋርጪ። አንቺ አንዴ ስለደረሰብሽ የሰጠሁሽ ጠንከር ያለውን ነው፤ ለጎረቤት አታካፍዪ።»

«ከዋጥኩት ይገጥማል?»

«ዋስትናው የአላህ ነው። የምትወስድ ሴት ላይ ግን እንዲህ ያለው ነገር በጣም ይቀንሳል።»

አማል ኪኒኑን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣ ባሏ ሥራ ሲወጣ እየፈታች ለወራት ዋጠች። መዘዙ የመጣው ከቋጠሮው ነው። ኢዘዲን በሚሠራበት ግንባታ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ የሚያቀብሉት ሴቶች የወሊድ መከላከያቸውን ከባል የሚደብቁት በሻሽ ጫፍ ነው። ወንዶቹም ያውቃሉ፤ «የቋጠረች አትወልድም» እያሉ ይሳለቁባቸዋል።

እና ኢዘዲን አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ የአማል ሻሽ አልጋው ላይ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ተቋጥሮ አገኘው።

«ምንድነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

«የልጅ።»

«የልጅ መከልከያ በይ እንጂ።»

መልስ አልጠበቀም። በቡጢ አፏን ሲላት የፊት ጥርሷ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጸጉሯን ይዞ ወደ ግቢ ጎተታትና ጎማውን አነሳ። ክረምት ነው፣ ግቢው ጭቃ። ኪኒኑን በተነው። እትዬ ጤናዬ በር ላይ ቆመው «ፊቷን ተው፣ ሰው ያያል» አሉት። አዘኑላት ማለት ነው።

ጀርባው ላይ ዘልዬ ጆሮውን ነከስኩት። ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል። አሽቀንጥሮ ከአጥሩ ጋር አላተመኝ፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ።

ቀና ስል አማል በእንብርክኳ ጭቃውን እየዳበሰች ነው። አንድ ቢጫ ኪኒን አገኘች። ከነጭቃው፣ ከነደሟ ዋጠችው። ኢዘዲን ጎማውን እንዳነሳ ቀረ። አሁንም ሌላ ስትፈልግ አየና ለአፍታ የጠፋውን ንዴቱን መልሶ አገኘው።

«እየገደልኩሽም ትውጫለሽ? ነይ፣ የሰጠችሽን አሳዪኝ።»

ክንዷን ጠምዝዞ በገበያው መሃል ነዳት። ባለሱቁ አስማማው ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ።

«ኢዘዲን፣ ኧረ ሰው ናት።»

«የራሴ ናት።»

«ደረሰኝ አለህ?» አልኩት እኔ። በጥፊ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ቢሆንም ገበያተኛው ሰምቶ ስቋል።

ጤና ጣቢያ እንደደረስን ጸሐይን በጋዋኗ አንገትጌ ይዞ ከግድግዳ ጋር አጋጫት። የመርፌው ሳህን ተንኮታኮተ።

«ዘሬን ያደረቅሽው አንቺ ነሽ?»

ጥበቃው ጋሽ አበጀ በዱላ ትከሻውን አንዴ ቢለው ተቀመጠ። ሴት ሲመታ የነበረው ክንድ ተንጠለጠለ።

ጸሐይ እሱን ዞር ብላም አላየችው። የአማልን አፍ አጠበች፣ ጀርባዋን አየች፣ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠየቀቻት። አማል በጣቷ ቆጠረች። ሽንቷን ሰጠች። ጸሐይ ከውስጥ ስትመለስ የተቀደደውን ጋዋኗን በአንድ እጇ ይዛ ነው።

«አርግዛለች። የሰጠኋት መከላከያ ቢሆን ይሄ ከየት መጣ? ያቺ ልጅህ ጀርባዋ ሳይገጥም ተወለደች፤ ይሄኛው እንዲገጥም ነው የምትውጠው። አሁን ደግሞ በዱላህ እንዳልወረደ ልይ። እዚሁ ትተኛለች።»

እስከ ጠዋት ደም አልፈሰሳትም። ኢዘዲን በሩ ላይ መጣ፣ ክንዱን በጨርቅ አስሮ።

«አማል፣ አላወቅኩም። ወላሂ መከላከያ መስሎኝ ነው።»

አፏ አብጧል፤ ቃሉ ተንጠባጥቦ ነው የወጣው። «መከላከያ ቢሆንስ፣ ጥርሴ የአንተ ነበር?»

ከእሱ ጋር አልተመለሰችም። ጸሐይ ሌላ ኪኒን ሰጠቻትና ሰፈራው መንደር እናታችን ጋ ገባን። ኢዘዲን ሽማግሌ ላከ። እናታችን ለሽማግሌዎቹ ውሃ ሰጥታ፣ የአማልን ድድ አሳይታ መለሰቻቸው። አማል በየማለዳው ትውጣለች። ስታቅለሸልሽም፣ ስታለቅስም ትውጣለች። ሌሊት ሌሊት ሆዷን ይዛ «ጎማው አርፎበት እንዳይሆን» ትላለች፤ እኔም የማላውቀውን «አይሆንም» እላታለሁ።

የመስኖ በቆሎ በሚሸጥበት ሰሞን ጸሐይ ጋ ወለደች። ጸሐይ ልጁን በደረቱ ገለበጠችው። አማል ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቀችም፤ ጣቷን ከአንገቱ ጀምራ በአከርካሪው ላይ ወደታች ሳበችው። ልስልስ ያለ፣ የገጠመ ጀርባ ነው። እግሩን ስትነካው በእርግጫ መታት።

ኢዘዲን ሊያየው መጣ። አሳየነው። አላስያዝነውም።